የባላምባራስ አውራ ጣት

ለንደን፣ አርችዌይ
ኅዳር 10 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ እትዬ አልታየሽ፣

ሰላምታዬ ከጉልበትሽ ይጀምር። የላክሁልሽን ቅባት ማታ ማታ፣ ከመተኛትሽ በፊት ተቀቢው፤ ጠዋት አይደለም። ባለፈው ደብዳቤሽ ጠዋት እንደምትቀቢው ስለጻፍሽልኝ ነው። እኔ በጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን። አርችዌይ ዳገት ስለሆነ ከገበያ ስመለስ አንድ ጊዜ ቆም እላለሁ እንጂ ሌላ የሚነገር ሕመም የለኝም።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስልሽ። የአርበኞች ልጆች ማኅበር የለንደን ቅርንጫፍ አሁንም አለ። በወሩ መጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከብሪክስተን ገበያ ጀርባ በምንከራየው አዳራሽ እንሰበሰባለን። ሊቀ መንበራችን ወይዘሮ ውብነሽ ናቸው፤ በላክሁልሽ ፎቶ ላይ ወገባቸውን ይዘው የቆሙት። ጸሐፊው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የድል ቀን ሰንደቅ ዓላማውን ይዤ የምገባው፣ ስለ አባታችንም የምናገረው እኔ ነኝ። ከምናገረው ሁሉ ሰው የሚወደው ስለ አውራ ጣቱ ነው። ጠላት በሳንጃ ሊወጋው ሲል በባዶ እጁ ይዞ እንዳስቀረው፣ ጠባሳው እስኪሞት እንዳልለቀቀው፣ ጥፍሩም ጠምሞ እንደበቀለ። ልጆቹ የየራሳቸውን አውራ ጣት እያዩ ያዳምጡኛል።

“እኔ ነኝ” እላለሁ እንጂ ዘንድሮ ነገሩ ያጠራጥራል።

መስከረም ላይ አንድ ሰው መጣብን። ኪዳነማርያም ይባላል። ስትሪትሃም ይኖራል፤ ሚኒካብ የሚሉትን የኪራይ መኪና ይነዳል። ከእኔ ብዙ ያንሳል። “እስቲ ራስዎን ያስተዋውቁን” ቢባል፣ እንደማናችንም ስሙንና የአባቱን ስም ተናግሮ መቀመጥ ሲገባው፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ፎከረ። ድምፁ የአዳራሹን መስኮት ያንቀጠቅጣል። ወይዘሮ ውብነሽ አለቀሱ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ስናገር አንድም ቀን አልቅሰው አያውቁም፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ አንቀላፍተውብኛል።

ስብሰባው ሲያልቅ አሮጊት ሽማግሌውን ሁሉ በመኪናው ያደርሳል። እኔንም፣ “ጋሼ መርዕድ፣ ግቡ እንጂ፣ አርችዌይ ምን አላት!” አለኝ። አውቶቡስ እወዳለሁ አልሁት። ዝናብ እየጣለ ነበር።

አሁን የማስቸግርሽ ነገር አለ። ይህ ሰው አባቱ የመንዙ አርበኛ የግራዝማች መሸሻ ልጅ እንደነበሩ ይናገራል። ማኅበራችን የዘር ማኅበር ነው፤ ማጣራት ደግሞ የጸሐፊው ሥራ ነው። የመንዝ ሰዎች ቅዳሜ ገበያ ወደ እናንተ ይወርዳሉና አጣሪልኝ። ቅር ብሎኝ አይደለም። ሥራ ስለሆነ ነው።

ወንድምሽ
መርዕድ ገብረ መድኅን


ደብረ ሲና
ታኅሣሥ 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

መርዕዴ፣ ወንድሜ፣

እንደምን አለህልኝ? ብርዱስ? ቅባቱን የምቀባው ማታ ነው። ጠዋት ያልኩህ፣ ደብዳቤ የምጽፍልህ ጠዋት ስለሆነ ሁሉም ነገር ጠዋት መስሎኝ ነው። አንተ ግን ሰው አንድ ነገር ሲሳሳት ሦስት ወር ሙሉ አትረሳም። የጎረቤቴ የአይናለም ላም ወለደች፤ እንቦሳ በለን።

ስለ ድምፅ የጻፍከውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ትዝ ይልሃል? የጎረቤት ልጅ አባታችን ጉልበት ላይ ቢቀመጥ ገፍትረህ ከደረጃው ጥለኸው ነበር። ያን ጊዜ ስድስት ዓመትህ ነው። አሁን ስልሳ አልፎሃል፤ ሰውየውን ከየት ልትጥለው ነው? አባታችን “ምቀኛ አታሳጣኝ” ይል ነበር። ምቀኛው አንተ ሁን ግን አላለህም።

ላክኸኝና ጠየቅኩ። ቅዳሜ ከመንዝ ገብስ ይዘው የሚመጡ ሽማግሌ አሉ። ግራዝማች መሸሻን በአካል ያውቋቸዋል። ደግ አርበኛ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ተኩሰው የማይስቱ ነበሩ አሉኝ። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን አንተ ካልጨረስኩልህ ሌላ ሰው ትልክብኛለህ። ሽማግሌው፣ “ግራዝማች ከአብራካቸው የወጣ ልጅ አልነበራቸውም፤ ያሳደጉት ልጅ ነበራቸው” ብለውኛል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህን ሰምተህ ዝም በል። ሰውየው ሽማግሌዎቹን በዝናብ ካደረሰ ምን በደለህ? ማኅበር ማለት ምን ነበር ታዲያ?

ለወይዘሮ ውብነሽ ሰላምታ አቅርብልኝ። ሴትዮዋ ሚስትህ መሆኗን እስካሁን አልነገርከኝም እንጂ አጻጻፍህስ እንደዚያ ነው።

እህትህ
አልታየሽ


ለንደን፣ አርችዌይ
ጥር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ እትዬ አልታየሽ፣

ለላሟ እንኳን ደስ አላችሁ። ስለ ወይዘሮ ውብነሽ የጻፍሽው ቀልድ አላሳቀኝም፤ ሰላምታሽን ግን አድርሻለሁ።

ቀናህ ላልሽኝ፣ አልቀናሁም። ቅናት ማለት የሌላውን ሀብት መመኘት ነው። እኔ የምጠብቀው የራሴን ነው። ልዩነቱን ሠላሳ ዓመት ልጆች ሳስተምር ኖሬ አላጣውም። ወይዘሮ ውብነሽ ለኪዳነማርያም ምሳ ቋጥረው ማምጣታቸው የእኔ ጉዳይ አይደለም። ከጀርባዬ ያደርጉልኝ የነበረውን ትራስ ለእሱ ወንበር ማዛወራቸውም እንዲሁ።

ባለፈው እሑድ የሆነውን ልንገርሽ። ስብሰባው ገና ሲከፈት ወይዘሮ ውብነሽ፣ “የዘንድሮን ሚያዝያ 27 ሰንደቅ ኪዳነማርያም ይያዝልን፤ አቶ መርዕድም ክንድዎን ያሳርፉ” አሉ። ክንዴ ደክሞኛል ብሎ የነገራቸው ማን ነው? ሰውም አጨበጨበ። ያን ጊዜ እጄን አውጥቼ ተነሣሁ።

“አቶ ኪዳነማርያም፣ ግራዝማች መሸሻ ከአብራካቸው የወጣ ልጅ እንዳልነበራቸው ከአገር ቤት ተረድቻለሁ። ምን ይላሉ?”

ይደነግጣል ብዬ ነበር። ሳቀ።

“ምነው ጋሼ መርዕድ፣ አገር ቤት ድረስ ምን አደከምዎት? እኔን ቢጠይቁኝ እነግርዎት አልነበር! አባቴ የጡት ልጅ ነው። እናት አባቱ በጣሊያን የመርዝ ጋዝ አልቀው ግራዝማች አገኙት። በሽማግሌ ፊት ማር አጥብተው ‘ልጄ ነህ’ አሉት። አለቀ።”

አቶ ጊዲዮን የሚባል ለዛ ቢስ አባል አለን። “መምህር፣ እንግዲህ ማሩንም ቼክ እናድርገው?” ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቁት ወይዘሮ ውብነሽ ናቸው።

እኔ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ። ክፍል ውስጥም እንዲሁ አደርግ ነበር። ከዚያ፣ “የጡት ልጅነት የተከበረ ልማድ ነው። የእኛ ማኅበር ግን ስሙ የአርበኞች ልጆች ነው፤ የአርበኞች ወዳጆች አይደለም። ማር ደም አይሆንም” አልሁ። አባል የሚሆነው ከአርበኛ በሥጋ የተወለደ ብቻ ነው የሚል ደንብ አርቅቄ አቅርቤያለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ድምፅ ይሰጥበታል።

ለክርክሩ እንዲረዳኝ አንድ ነገር ጻፊልኝ። በእኛ አገር ልማድ የጡት ልጅ የፈረስ ስም ይወርሳል ወይ? ሥርዓቱን በስም እንጂ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። አይወርስም የሚሉ ሽማግሌ ብታገኚ ስማቸውን ጨምሪልኝ።

ወንድምሽ
መርዕድ


ደብረ ሲና
የካቲት 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

መርዕድ፣

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይወርሳል ወይ ላልከኝ፣ ይወርሳል። የፈረስ ስምም ርስትም ይወርሳል። አባቱ ሲሞት እንደ ልጅ ፊቱን ይነጫል፤ ደም ቢመጣም እንደ ልጅ ይከፍላል። አይወርስም የሚል ሽማግሌ በዚህ አገር የለም፤ ቢኖርም እኔ ስሙን አልጽፍልህም።

ማር ደም አይሆንም አልክ። ማነው ይህን ያስተማረህ? ከቤታችን አልሰማኸውም።

ይህን ደንብ ተወው። ቀድመህ ያቀረብከው አንተ ነህና አንሥቼዋለሁ ብለህ አንሣው። አፍህ ላይ ነገር አይጠፋም፤ አንድ ምክንያት ፈልግ። ለእኔ ግን ምክንያት አትጠይቀኝ። ታላቅህ ነኝ፤ ከዚህ በፊት ይህን አድርግ ብዬህ አላውቅም፤ ዛሬ ብያለሁ። አባታችን ሲሞት ያስማለኝ ነገር አለ፤ አንተ ቃሌን እንዳታስፈርሰኝ።

ሌላ ወሬ የለም። ላሟ ደህና ናት።

አልታየሽ


ለንደን፣ አርችዌይ
መጋቢት 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ እትዬ አልታየሽ፣

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰ። ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለ መዘግየቱ እንጂ ስላደረግሁት አይደለም። ድምፅ የተሰጠው ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ነው፤ ደንቡ አልፏል። ብልጫው ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም አልፏል።

ሰውየው ምን አደረገ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አልተቆጣም። ጋቢውን ቀስ ብሎ አጣጠፈ። “ደንብ ደንብ ነው ጋሼ” አለኝ። ወይዘሮ ውብነሽ አጠገቤ መጥተው፣ “አሁን ደስ አለዎት?” ብለው ትራሱን ወንበሬ ላይ ወረወሩት። በእጃቸው አላስቀመጡትም፤ ወረወሩት። አቶ ጊዲዮን እንኳ አልቀለደም። ከአዳራሹ ስወጣ ኪዳነማርያም ሽማግሌዎቹን መኪና ውስጥ እያስገባ ነበር። አባል ባይሆንም ማድረሱን አልተወም። የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ዝናብ ነው፣ ላድርስዎት?” አለኝ። እኔም አውቶቡስ ጠበቅሁ።

ሰንደቁ አሁን ቤቴ ነው። አልጋዬ አጠገብ አቁሜዋለሁ። ያሸነፈ ሰው ደስ ሊለው ይገባል፤ እኔ ግን ያን ቀን ምሳዬንም አልበላሁም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። አባታችን አስምሎኛል ብለሻል። ምን ብሎ? ከልጅነቴ ጀምሮ ከእኔ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ሲዘምት የት እንደተኛ፣ ማን እንደከዳው፣ ምን እንደፈራ ሁሉ የነገረው ለእኔ ነው። አንቺ ወጥ ስትሠሪ እኔ እግሩ ሥር ነበርሁ። ታዲያ ለአንቺ ነግሮ ለእኔ ያልነገረኝ ምንድን ነው? እውነቱን ልንገርሽ፤ ከጉዳዩ ይልቅ ያሳመመኝ ይህ ነው። ሲሞት አልጋው አጠገብ የነበርሁት እኔ ብሆን ኖሮ ለእኔ ይነግረኝ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ሳስተምር ቀረሁ፤ አንቺ ነበርሽ።

ተማሪዎቼን ጥያቄ ዘላችሁ አትለፉ እላቸው ነበር። አንቺም አትዝለይ።

መርዕድ


ደብረ ሲና
መጋቢት 29 ቀን 1988 ዓ.ም.

ወንድሜ መርዕድ፣

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ። “ዝምታሽ ሰው የሚጎዳ ከሆነ መሐላው እኔ ላይ ይሁን” አሉኝ። ሰውየውን ጎድተኸዋል፤ ራስህንም ልትጎዳ ነው። ስለዚህ ልናገር።

አንተ የአባታችን የጡት ልጅ ነህ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ጠላት ቤታችንን አቃጥሎት፣ እናታችን እኔን ይዛ ከአባታችን ጦር ጋር ገደል ለገደል እንዞራለን። አንድ ቀን አንዲት ሴት በጠላት ሰፈር በኩል ልጅ አዝላ መጣች። ስሟ መሠረት ነው። ትኩሳት ይዟት ነበር፤ አልሰነበተችም። ባሏ ማን እንደነበር፣ ለማን ያድር እንደነበር አባታችን አልጠየቀም። የጠየቁትንም ዝም አሰኛቸው። እኔም ያኔ አልጠየቅኩም፤ አሁንም አልጠይቅም፤ አንተም አትጠይቀኝ። ልጁ አንተ ነህ። ሦስት ዓመት ቢሆንህ ነው። አባታችን ማር አጥብቶ ልጄ አለህ። እናታችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለይታ አታውቅም።

ስለ ቅናት ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ አልከኝ። እኔ ኖሬበታለሁ። የአብራኩ ልጅ እኔ ነኝ፤ በቅሎው ላይ ከፊቱ የሚያስቀምጠው ግን አንተን ነበር። ተማሪ ቤት የሰደደው አንተን ነው። ይህን የምጽፍልህን ፊደል አንተ ስታጠና ከጀርባህ ቆሜ የለቀምኩት ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። አባ ወጀብ የሚለውን የፈረስ ስሙን እንድትጠራበት የሰጠው ለአንተ ነው። ስንጣላ ስንት ጊዜ “የሰው ልጅ!” ልልህ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ውጬዋለሁ። አንዴ ብናገረው ኖሮ ሁሉም የእኔ ይሆን ነበር፤ በቅሎውም፣ ጉልበቱም፣ ተማሪ ቤቱም። ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ሲሞት እጄን ያዘኝ። ደስ አለኝ፤ በመጨረሻ ለእኔ የሚለው ነገር አለው ብዬ። “አንቺ ታውቂያለሽ፤ እሱ አይወቅ። ልጄ ነው። ማይልኝ” አለኝ። ያን ሰዓትም ስለ አንተ ነበር የሚያወራው። ያን ሰዓትም ቀናሁ። ቢሆንም ማልኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ።

አሁን ደንብህን አውጣና አንብበው።

አልታየሽ


ለንደን፣ አርችዌይ
ሚያዝያ 30 ቀን 1988 ዓ.ም.

እትዬ፣

ለፋሲካ ሳልጽፍልሽ ስቀር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ነበር፤ “ውድ እህቴ” ከሚለው አላልፍ አለኝ። እህቴ የሚለውን ጽፌ ልክ ነው ወይ እያልሁ እቆማለሁ።

ደህና ነህ ወይ ብትዪኝ፣ በመጀመሪያ ደህና አልነበርሁም። የማስበውን ልንገርሽና ታዘቢኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ እንዳበቃሁ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ማንም አያውቅም የሚል ነው። ያየ ሁሉ ሞቷል። አንቺ ደብረ ሲና ነሽ፤ ሰንደቁ አልጋዬ አጠገብ ነው። ዝም ብል ማን ይጠይቀኛል? ሁለተኛው ሐሳቤ አንቺ ነሽ። ደሙ አንቺ ጋ ነው ያለው። አንቺ በበቅሎ ቀናሽብኝ፤ እኔ በደም ቀናሁብሽ። በዚህ ዕድሜ!

እሑድ ሚያዝያ 27 ደረሰ። ሰንደቁን ይዤ ወደ ብሪክስተን ሄድሁ። አዳራሹ ሞልቷል። ወይዘሮ ውብነሽ ሰላም ቢሉኝም ዓይኔን አላዩም። መናገሪያዬ ሲደርስ ሰው ስለ አውራ ጣቱ ሊሰማ ተዘጋጀ። እኔ ግን ደንቡን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብሁላቸው። ከዚያ፣ “ባላምባራስ ገብረ መድኅን ማር አጥብተው ያሳደጉኝ የጡት ልጃቸው ነኝ። በዚህ ደንብ መሠረት አባል አይደለሁም” አልሁ።

“መምህር፣ ቀልድ አይሆንልዎትም፤ ለእኔ ይተዉት” አለ አቶ ጊዲዮን። ፊቴን ሲያይ ግን ተቀመጠ።

ሰንደቁን እንደያዝሁ ወጣሁ። ኪዳነማርያም ውጭ መኪናው ውስጥ ነበር። ደንቡ ስለከለከለው አይገባም፤ ሽማግሌዎቹን አምጥቶ እስኪወጡ ይጠብቃል። መስኮቱን አንኳኳሁ።

“ይግቡና ሰንደቁን ይያዙ” አልሁት።

“ደንቡስ ጋሼ?”

“ደንቡን ያቀረበው ሰው አባል አልነበረም። አባል ያልሆነ ሰው ያቀረበው ደንብ አይጸናም።”

ትንሽ አሰበና፣ “ይህንንም አጣርተውት ነው?” አለኝ። ጥርሱን ሳየው እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። የጡት ልጅ መሆኔን የነገርሁት እዚያው እየገባን ነው።

ከበሩ ላይ ሰንደቁን ተቀበለኝ። መድረክ ላይ ሳይወጣ፣ “የአባትዎ የፈረስ ስም ማነው?” ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። ነገርሁት። ሄጄ ከኋላ ተቀመጥሁ። እሱም መድረክ ላይ ወጥቶ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለ፤

“ዘራፍ!
አባ ወጀብ ሲነሣ ሰማዩ ጠቁሮ፣
ጠላት መቆሚያ አጣ ቁልቁል ተወርውሮ!”

አለና ድንገት አቆመ። “የአባ ወጀብ ልጅ የታለ?” ብሎ ጮኸ። አልተነሣሁም። እንደገና ጠራ። ወይዘሮ ውብነሽ ዞረው፣ “ይነሡ እንጂ! ሌላ ማንን ነው የሚጠራው?” ብለው ተቆጡኝ። ኪዳነማርያምም ሰንደቁን ተደግፎ፣ “የአባት ስም ተጠርቶ ልጅ ካልተነሣ አየር ላይ ይቀራል። እኔ አልቸኩልም፤ እጠብቃለሁ” አለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

ተነሣሁ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። በዚያ ድምፅ አባታችን በሩን ከፍቶ የገባ መሰለኝ። እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ንግግር አንድም ቀን እንደዚያ አላመጣሁትም። ቆሜ ሳለሁ ቀናሁ። እንባዬ እየወረደም ቀናሁ። እንግዲህ ይህ ከእኔ የሚለቅ አይመስለኝም። ሰንደቁን ግን እሱ ይያዘው።

ሲያልቅ መኪናው ውስጥ ገባሁ። እስከ አርችዌይ ስንወጣ፣ የጡት ልጅ ሲደረግ ማሩ የሚቀባው አውራ ጣት ላይ እንደሆነ፣ ልጁም ጣቱን እንደሚጠባ ነገረኝ። አያቱ አባቱን ያደረጉት እንደዚያ ነው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስለ ሳንጃው አባታችን ራሱ ነግሮኝ አያውቅም። ስለ ጠባሳው ስጠይቀው፣ “የጦርነቱ ጊዜ ነው” ብሎ ይስቅ ነበር። ሳንጃውን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ።

ስለዚህ ይህን ብቻ መልሺልኝ። ማሩን የቀባው የትኛውን ጣቱን ነበር?

መርዕድ


ደብረ ሲና
ግንቦት 22 ቀን 1988 ዓ.ም.

መርዕዴ፣

እህቴ ማለት ልክ ነው። ስትጽፍ አትቁም።

የቀኝ አውራ ጣቱን ነው። ያንን ጠማማውን።

ዋሻ ውስጥ ነበርን። እናትህን መሠረትን የቀበርን ዕለት ነው። አንተ ታለቅሳለህ። ጠላት ከሥራችን በመንገዱ ያልፋል፤ የጫማው ድምፅ ይሰማን ነበር። ከሰዎቹ አንዱ፣ “ይህ ልጅ ሊያስጨርሰን ነው። ያንተ ልጅ አይደለም፤ ወዲያ አውጣው” አለ። አባታችን፣ “ልጄ ነው” አለ። “ከመቼ ወዲህ?” አሉት። ለቁስል የያዝነው ማር ነበር፤ እናታችንን አምጪ አላት። አውራ ጣቱን ነክሮ እዚያው በሁሉም ፊት አፍህ ውስጥ አገባው። ዝም አልክ።

ርቦህ ነበር። ማሩ ሲያልቅብህ ነከስከው። ትንሽ ጥርስ እንዴት እንደሚቆርጥ የሚያውቅ ያውቀዋል። አልለቀቅከውም። አባታችን አልጮኸም፤ ጣቱንም አላወጣም። ከሥራችን ጠላቶቹ አልፈው እስኪያልቁ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። እኔ ፊት ለፊት ነበርኩ። ከአፍህ እየወረደ አገጭህ ላይ ያየሁት፣ የቱ ማር የቱ ደም እንደነበር ዛሬም መለየት አልችልም።

ቁስሉ አመርቅዞ ጥፍሩ ወለቀ፤ ጠምሞም በቀለ። የጦርነቱ ጊዜ ነው ያለህ እውነቱን ነው። ለመጪው ዓመት ስትናገር ሳንጃውን ተወውና ጥርስህን ንገራቸው።

ኪዳነማርያምን፣ እህቴ ሳምልኝ ብላለች በለው።

ቅባቱ አልቋል። ማታ ማታ ነው የቀባሁት።

እህትህ
አልታየሽ